የፒኤች አመልካች ሙሙት

የፒኤች አመልካች የሚባለው በገባበት ፈሳሽ የአሲድነት ወይም የቤዝነት መጠን ቀለሙን የሚለውጥ ማቅለሚያ ነው። በቤተ ሙከራ ብዙውን ጊዜ በውሃ ወይም በአልኮል ሟሙቶ በትንሽ ጠርሙስ ይቀመጣል፤ የሚሠራበትም በጠብታ ነው። ከታወቁት አመልካቾች መካከል ሊትመስ፣ ፌኖልፍታሊን፣ ሜቲል ኦሬንጅ፣ ሜቲል ሬድ፣ ብሮሞታይሞል ብሉ እና ፌኖል ሬድ ይገኛሉ። ኤሌክትሪክ የማይፈልግና ርካሽ ዘዴ በመሆኑ የኤሌክትሮኒክ ፒኤች ሜትር ከተስፋፋ በኋላም ከትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ፣ ከአፈር ምርመራና ከሕክምና ላቦራቶሪ አልወጣም።

አመልካች ግን ከውጭ ሆኖ የሚመለከት መለኪያ አይደለም። ራሱም ደካማ አሲድ ወይም ደካማ ቤዝ ነው። ከዚህ የተነሳ ሁለት ነገሮች መታወቅ አለባቸው። አንደኛ፣ እያንዳንዱ አመልካች የሚናገረው ስለ ራሱ ጠባብ የፒኤች ክልል ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ መጠኑ ከበዛ የሚለካውን ፈሳሽ ራሱን ይለውጠዋል። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት የአዘገጃጀትና የአጠቃቀም ደንቦች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከእነዚህ ሁለት ነጥቦች ነው።

የፒኤች ልኬት

ፒኤች በአንድ ፈሳሽ ውስጥ ያለውን የሃይድሮጅን አዮን ክምችት የሚገልጽ ቁጥር ነው። በተለምዶ ከ0 እስከ 14 ባለው ልኬት ይጻፋል። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ 7 ገለልተኛ፣ ከ7 በታች አሲድ፣ ከ7 በላይ ቤዝ ነው። ልኬቱ በአሥር እጥፍ የሚሄድ ስለሆነ ፒኤቹ 5 የሆነ ፈሳሽ ፒኤቹ 6 ከሆነው አሥር እጥፍ፣ 7 ከሆነው ደግሞ መቶ እጥፍ የሃይድሮጅን አዮን አለው።

0 እና 14 የመጨረሻ ድንበሮች አይደሉም። በአፋር ክልል በዳሎል ያሉት አረንጓዴና ቢጫ የፍል ውሃ ኩሬዎች ፒኤች ከ0 በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ። በስምጥ ሸለቆ የሚገኙት ሻላና አቢጃታ ሐይቆች በአንጻሩ ወደ 10 የሚጠጋ ፒኤች ያላቸው የሶዳ ሐይቆች ናቸው። አንድ ነጠላ አመልካች ይህን ሁሉ ርቀት አይሸፍንም።

ቀለሙ የሚለወጥበት ምክንያት

የአመልካቹ ሞለኪውል ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ሃይድሮጅን አዮን የያዘ፣ ሁለተኛው የለቀቀ ነው። ሁለቱ ብርሃንን የሚውጡት በተለያየ መንገድ ስለሆነ ቀለማቸው ይለያያል። ፈሳሹ ውስጥ ሃይድሮጅን አዮን ሲበዛ የመጀመሪያው መልክ ይበዛል፤ ሲያንስ ሁለተኛው ይበዛል።

የሁለቱ መጠን እኩል በሚሆንበት ፒኤች ላይ ዓይን የሚያየው ድብልቅ ቀለም ነው። አንዱን ቀለም ብቻውን ለማየት ግን ያኛው መልክ ከሌላው አሥር እጥፍ ያህል መብለጥ ይኖርበታል። አሥር እጥፍ ማለት አንድ የፒኤች ቁጥር ነው። በመሆኑም የለውጡ ክልል ከመካከለኛው ነጥብ በታች አንድ፣ በላይም አንድ፣ በጠቅላላው ሁለት የፒኤች ቁጥር ያህል ይሆናል። ከዚህ ክልል ውጭ ቀለሙ አይንቀሳቀስም።

ዋና ዋና አመልካቾችና ክልላቸው

- ሜቲል ኦሬንጅ፦ ከ3.1 እስከ 4.4፤ ከቀይ ወደ ቢጫ
- ሜቲል ሬድ፦ ከ4.4 እስከ 6.2፤ ከቀይ ወደ ቢጫ
- ብሮሞታይሞል ብሉ፦ ከ6.0 እስከ 7.6፤ ከቢጫ ወደ ሰማያዊ፣ በመካከል አረንጓዴ
- ፌኖል ሬድ፦ ከ6.8 እስከ 8.2 ገደማ፤ ከቢጫ ወደ ቀይ
- ፌኖልፍታሊን፦ ከ8.2 እስከ 10.0፤ ከቀለም አልባ ወደ ሮዝ
- ታይሞል ብሉ፦ ሁለት ክልል አለው፤ ከ1.2 እስከ 2.8 ከቀይ ወደ ቢጫ፣ ከ8.0 እስከ 9.6 ከቢጫ ወደ ሰማያዊ

ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ፌኖልፍታሊን ጠብ ተደርጎ ፈሳሹ ቀለም ካላመጣ «አሲድ ነው» ብሎ መጻፍ ትክክል አይደለም። ቀለም አለመኖሩ የሚያሳየው ፒኤቹ ከ8.2 ገደማ በታች መሆኑን ብቻ ነው። የሎሚ ጭማቂም፣ ንጹህ ውሃም፣ ፒኤቹ 7.8 የሆነ ቤዝም በዚህ አመልካች አንድ ዓይነት ናቸው። ቤኪንግ ሶዳ የተበጠበጠበት ውሃ ፒኤቹ 8.3 አካባቢ ስለሆነ ቤዝ ሆኖ ሳለ ቀለም ላያሳይ ወይም እጅግ ፈዛዛ ሮዝ ብቻ ሊሆን ይችላል። በተመሳሳይ ሁኔታ ሜቲል ኦሬንጅ ቢጫ መሆኑ ቤዝነትን አያረጋግጥም፤ ፒኤቹ 5 የሆነ አሲድም በእርሱ ቢጫ ነው። ለማይታወቅ ፈሳሽ ትክክለኛው መንገድ ናሙናውን በተለያዩ ማብላያዎች ከፋፍሎ ሁለት ወይም ሦስት አመልካቾችን ለየብቻ መሞከርና ክልሉን ከሁለት ወገን ማጥበብ ነው። ለምሳሌ በሜቲል ሬድ ቢጫ፣ በብሮሞታይሞል ብሉም ቢጫ የሆነ ፈሳሽ ፒኤቹ 6 አካባቢ ነው ማለት ይቻላል።

አዘገጃጀት

ለሥራው የሚያስፈልጉት ሚዛን፣ ቢከር፣ መለኪያ ሲሊንደር ወይም ባለ ምልክት ፍላስክ፣ መቀላቀያ ዘንግ፣ ዲስቲልድ ውሃ እና ኢታኖል ናቸው። አሟሚው የሚመረጠው በማቅለሚያው ባሕርይ ነው።

ሜቲል ኦሬንጅ፦ 0.1 ግራም ዱቄት በ100 ሚሊሊትር ዲስቲልድ ውሃ ይሟሟል። በሙቅ ውሃ ቶሎ ስለሚሟሟ በሙቅ ውሃ ጀምሮ፣ አቀዝቅዞ፣ በመጨረሻ 100 ሚሊሊትር መሙላት ይሻላል።

ፌኖልፍታሊን፦ በውሃ አይሟሟም ማለት ይቻላል። 0.5 ግራም በ50 ሚሊሊትር ኢታኖል ከሟሟ በኋላ 50 ሚሊሊትር ውሃ በዝግታ እየተቀላቀለ ይጨመርበታል። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም፤ ዱቄቱ መጀመሪያ ውሃ ውስጥ ከገባ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። የተዘጋጀው ሙሙት ነጭ ደመና ከያዘ ውሃው በዝቷል ማለት ስለሆነ ጥቂት ኢታኖል ይጨመርበታል።

ሜቲል ሬድ፦ 0.1 ግራም በ60 ሚሊሊትር ኢታኖል ሟሙቶ በውሃ 100 ሚሊሊትር ይሞላል።

ብሮሞታይሞል ብሉ፦ 0.1 ግራም በ16 ሚሊሊትር 0.01 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሟሙቶ በውሃ 250 ሚሊሊትር ይሞላል።

ፌኖል ሬድ፦ 0.1 ግራም በ28 ሚሊሊትር 0.01 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሟሙቶ በውሃ 250 ሚሊሊትር ይሞላል።

16 እና 28 የሚሉት ቁጥሮች እንዲሁ የተቀመጡ አይደሉም። ብሮሞታይሞል ብሉ ደካማ አሲድ ሲሆን በውሃ በቀላሉ የሚሟሟው ወደ ጨው ሲለወጥ ነው። የአንድ ሞል ክብደቱ 624 ግራም ስለሆነ 0.1 ግራም ማለት 0.00016 ሞል ነው። 16 ሚሊሊትር የ0.01 ሞላር ቤዝም የያዘው 0.00016 ሞል ነው። አንዱ አንዱን በልክ ስለሚያጠፋው የተረፈ ቤዝ አይኖርም። የፌኖል ሬድ የአንድ ሞል ክብደት 354 ግራም በመሆኑ ለተመሳሳይ 0.1 ግራም የሚበልጥ ቤዝ ያስፈልገዋል። «ቶሎ ይሟሟልኝ» ብሎ 30 ወይም 40 ሚሊሊትር ቤዝ የጨመረ ሰው የሚያገኘው አመልካች ሳይሆን የአመልካችና የቤዝ ድብልቅ ነው።

እያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ የአመልካቹ ስም፣ የክምችቱ መጠን፣ አሟሚው፣ የተዘጋጀበት ቀንና ያዘጋጀው ሰው ስም ይጻፋል። ጠርሙሱ ጥቁር ወይም ቡናማ ቢሆን፣ ከፀሐይም ርቆ ቢቀመጥ ይመረጣል። ከመጠቀም በፊት ፒኤቻቸው በታወቁ የበፈር ሙሙቶች፣ ለምሳሌ በ4፣ በ7 እና በ10፣ ቀለሙን መፈተሽ ያረጀውን ወይም የተበከለውን አመልካች ለመለየት ይረዳል።

የጠብታው መጠን

ለአንድ ናሙና ከሁለት እስከ ሦስት ጠብታ ይበቃል የሚባለው ማቅለሚያውን ለመቆጠብ ብቻ አይደለም። ሁለት ጠብታ 0.1 ሚሊሊትር ያህል ነው። ከላይ በተገለጸው መንገድ የተዘጋጀ ብሮሞታይሞል ብሉ በዚህ መጠን ውስጥ 0.064 ማይክሮሞል ማቅለሚያ ይይዛል። ፒኤቹ 7 በሆነ 50 ሚሊሊትር ንጹህ ውሃ ውስጥ ግን ያለው የሃይድሮጅን አዮን 0.005 ማይክሮሞል ብቻ ነው። በሁለት ጠብታ ብቻ የማቅለሚያው ሞለኪውሎች ከሚለካው ነገር ከ12 እጥፍ በላይ ይበልጣሉ።

ናሙናው አቼቶ ወይም ሌላ አሲድ በበቂ መጠን ያለበት ፈሳሽ ከሆነ ይህ ችግር አያመጣም። ዲስቲልድ ውሃ፣ የዝናብ ውሃ ወይም ጨው ያልበዛበት የተራራ ምንጭ ውሃ ሲሆን ግን የሚታየው ቀለም የውሃውን ሳይሆን በከፊል የአመልካቹን ፒኤች ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ በመውሰድም ይለወጣል፤ አየር ጋር የቆየ ዲስቲልድ ውሃ ፒኤቹ ወደ 5.6 ይወርዳል። ስለዚህ ለአመልካች ማዘጋጃ የሚሆነውን ውሃ ለጥቂት ደቂቃ አፍልቶ፣ ክዳን ገጥሞ ማቀዝቀዝ የተለመደ ነው።

በታይትሬሽን አመልካች መምረጥ

ታይትሬሽን መጠኑ ያልታወቀን አሲድ መጠኑ በታወቀ ቤዝ (ወይም በተቃራኒው) እያጠፉ የመለካት ዘዴ ነው። አመልካቹ የሚመረጠው አሲዱና ቤዙ በልክ በሚተካከሉበት ነጥብ ላይ ባለው ፒኤች ነው። ብርቱ አሲድ ከብርቱ ቤዝ ጋር ሲሆን ፒኤቹ በዚያ ነጥብ አካባቢ በአንድ ጠብታ ብዙ ስለሚዘል የተለያዩ አመልካቾች ሊያገለግሉ ይችላሉ። ደካማ አሲድ ሲሆን ግን ምርጫው ውጤቱን ይወስናል።

አቼቶን ለምሳሌ እንውሰድ። በውስጡ ያለው አሴቲክ አሲድ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በልክ ሲጠፋ ፒኤቹ ወደ 8.7 አካባቢ ይሆናል፤ ይህም የፌኖልፍታሊን ክልል ነው። በፌኖልፍታሊን 25 ሚሊሊትር ቤዝ የሚፈጀው ናሙና በሜቲል ኦሬንጅ ቢሞከር፣ ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ቢጫ የሚሆነው በ4.4 ስለሆነ ቤዙ ገና 8 ሚሊሊትር ሳይሞላ «አለቀ» ይላል። በዚያ ሰዓት የጠፋው አሲድ 30 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ቡሬቱ ትክክል ነው፣ ሚዛኑ ትክክል ነው፣ ስሌቱም ትክክል ነው፤ መልሱ ግን ከእውነቱ አንድ ሦስተኛ እንኳ አይሞላም።

የፌኖልፍታሊን ማብቂያ ተወዝውዞ ለ30 ሴኮንድ ያህል የሚቆይ ፈዛዛ ሮዝ ነው። ቆይቶ መጥፋቱ ስህተት አይደለም፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ገብቶ ፒኤቹን ስለሚቀንሰው ነው። ደማቅ ሮዝ ከሆነ ግን ቤዙ በዝቷል ማለት ነው። እጅግ ብርቱ በሆነ ቤዝ ውስጥ ደግሞ ፌኖልፍታሊን ቀስ በቀስ እንደገና ቀለም አልባ ይሆናል።

በደጋ አካባቢ ሲሠራ

ጎንደር ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ወደ ደባርቅና ወደ ጃናሞራ ደጋ ሲወጣ ቁጥሩ ይበልጥ ይወርዳል። ይህ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከውሃ ለማስወጣት አያግድም፤ የሚያስወጣው መፍላቱ እንጂ 100 ዲግሪ መድረሱ አይደለምና። ኢታኖልም በደጋ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፣ ቶሎም ይተናል። ክዳኑ ያልተጠበቀ የፌኖልፍታሊን ጠርሙስ አልኮሉ እየቀነሰ ስለሚሄድ ከጊዜ በኋላ ነጭ ዝቃጭ ሊታይበት ይችላል።

የቤት አረቄ ኢታኖል ቢኖረውም በላቦራቶሪ ኢታኖል ምትክ አያገለግልም። ከአልኮሉ ጋር የሚመጡ ሌሎች ተናኝ ነገሮች፣ አሲዶችም ጭምር፣ ስላሉበት አመልካቹን ያበላሹታል። ለእጅ ማጽጃ የሚሸጥ አልኮልም ግሊሰሪንና ሌሎች ነገሮች ሊኖሩት ስለሚችል መለያው መነበብ አለበት።

ከአገር ውስጥ ተክሎች የሚዘጋጁ አመልካቾች

የማቅለሚያ ዱቄት በማይገኝበት ቦታ፣ በመካነ ብርሃንም ሆነ በሌላ የገጠር ከተማ ባለ ትምህርት ቤት፣ ከገበያ በሚገኙ ነገሮች ትምህርቱን ማሳየት ይቻላል።

እርድ፦ አንድ ግራም የእርድ ዱቄት በ20 ሚሊሊትር አልኮል ተቀላቅሎ ይጣራል። ማጣሪያ ወረቀት በዚህ ተነክሮ ሲደርቅ ቢጫ መፈተኛ ወረቀት ይሆናል። ሳሙና ወይም የአመድ ውሃ ሲነካው ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል። የአልጫ ወጥ ነጠላ ላይ ፈስሶ ሲታጠብ በሳሙናው ቀልቶ የሚታየው በዚሁ ምክንያት ነው። እርድ ሎሚንና ውሃን ግን አይለይም፤ በሁለቱም ቢጫ ነው።

የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ፦ በሙቅ ውሃ ተዘፍዝፎ የሚወጣው ቀለም በአሲድ ሮዝ፣ በቤዝ ወደ አረንጓዴና ቢጫ ይሄዳል።

ከርከዴ፦ ከሁለት እስከ ሦስት ግራም ደረቅ አበባ በ100 ሚሊሊትር ሙቅ ውሃ ለአሥር ደቂቃ ተዘፍዝፎ ይጣራል። በአሲድ ቀይ ሲሆን በቤዝ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። ከርከዴ ግን ራሱ ኮምጣጣ ነው፤ አበባው የራሱ አሲዶች አሉት። በብዛት ከተጨመረ ደካማውን ቤዝ አጥፍቶ ሁሉንም ቀይ ያደርጋል። በጣም ቀጥኖ በጥቂት ጠብታ መሥራት ይገባል።

እነዚህ የተክል አመልካቾች በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለሚበላሹ ለዕለቱ የሚበቃ ብቻ ይዘጋጃል። በረኪና በየትኛውም አመልካች ሲፈተን መጀመሪያ የታየው ቀለም ወዲያው ሊጠፋ ይችላል፤ ፒኤቹ ተለውጦ ሳይሆን በረኪናው ማቅለሚያውን ራሱን ስለሚያጠፋው ነው።

አገልግሎት በኢትዮጵያ

የአፈር ምርመራ፦ በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በአሲድነት የተጠቃ እንደሆነ ይገመታል። በአማራ ክልል በአዊ ዞን ያለው የባንጃ ወረዳ በዚህ ችግር ከሚታወቁት አንዱ ነው። ፒኤች ከ5.5 ሲወርድ በአፈሩ ውስጥ ያለው አልሙኒየም እየሟሟ የሰብሉን ሥር ይጎዳል፤ ለዚህም የግብርና ኖራ ይበተናል። ለመስክ ምርመራ በተለምዶ አንድ እጅ አፈር ከሁለት ተኩል እጅ ዲስቲልድ ውሃ ጋር ተቀላቅሎ ይዘቅጣል፤ ከዚያም ጠለል ባለው ውሃ ላይ አመልካች ይንጠባጠባል። ዋልካ አፈር ውሃውን አደፍርሶ ስለሚቆይ ባሪየም ሰልፌት የተባለ የማይሟሟ ነጭ ዱቄት ተጨምሮ ጭቃውን ይዞ እንዲወርድ ይደረጋል፤ ቀለሙም በነጩ ላይ በደንብ ይታያል።

በዓይን የሚነበብ ቀለም ግን ግማሽ የፒኤች ቁጥር ያህል ሊሳሳት ይችላል። በ5.2 እና በ5.7 መካከል ያለው ልዩነት ለገበሬው ኖራ ገዝቶ ማጓጓዝና አለማጓጓዝ ነው። ስለዚህ የአመልካች ምርመራ የተጠረጠረውን ማሳ ለመለየት ይጠቅማል፤ የሚበተነውን ኖራ በኩንታል ለመወሰን ግን የላቦራቶሪ ምርመራ ያስፈልጋል።

የሕክምና ላቦራቶሪ፦ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻ በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ነው። እንዲህ ባሉ ተቋማት የሚሰጠው የሕክምና ላቦራቶሪ ሙያ አመልካችን በየዕለቱ ይጠቀማል። ባክቴሪያ በሚያድግበት ምግብ ውስጥ ፌኖል ሬድ ወይም ኒውትራል ሬድ ይጨመራል፤ ባክቴሪያው ስኳር አብላልቶ አሲድ ካመነጨ ቀለሙ ይለወጣል። የጨጓራ ባክቴሪያ የሆነው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ዩሪያን አፍርሶ አሞኒያ ስለሚያወጣ ከጨጓራ የተወሰደ ናሙና ዩሪያና ፌኖል ሬድ ባለበት መፈተኛ ሲቀመጥ ቢጫው ወደ ቀይ ይለወጣል። መፈተኛው ሲዘጋጅ ፒኤቹ ካልተስተካከለ፣ ባክቴሪያ ሳይኖር የቀላ ወይም ኖሮ ያልቀላ ውጤት ለታካሚ ይሰጣል።

ጥንቃቄ

ኢታኖል ተቀጣጣይ ስለሆነ ከስፒሪት መብራትና ከምድጃ ይራቅ። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፤ መነጽርና ጓንት ያስፈልጋል። ፈሳሽ በፒፔት በአፍ አይሳብም። ፌኖልፍታሊን ቀድሞ የማስቀመጫ መድኃኒት የነበረ ቢሆንም ዛሬ ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ከሚባሉት ኬሚካሎች ተርታ ስለተመደበ ዱቄቱን መተንፈስም ሆነ መዋጥ አይገባም። አመልካች የተጨመረበት ምግብ ወይም መጠጥ አይበላም፣ አይጠጣም።

ታሪክ

የእንግሊዙ ተመራማሪ ሮበርት ቦይል እ.ኤ.አ. በ1664 ባሳተመው የቀለም ጥናት የቫዮሌት አበባ ጭማቂ በአሲድ ወደ ቀይ፣ በቤዝ ወደ አረንጓዴ እንደሚለወጥ ገልጿል። ፌኖልፍታሊንን ጀርመናዊው አዶልፍ ፎን ባየር እ.ኤ.አ. በ1871 ሠራው። የፒኤችን ልኬት ያስተዋወቀው ዴንማርካዊው ሶረን ሶረንሰን ሲሆን ይህም እ.ኤ.አ. በ1909 በኮፐንሀገን የካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ነበር። አሜሪካዊው አርኖልድ ቤክማን እ.ኤ.አ. በ1934 ኤሌክትሮኒክ ፒኤች ሜትር ከሠራ በኋላ ትክክለኛ ቁጥር የሚፈልጉ ሥራዎች ወደ መሣሪያው ዞረዋል። ፒኤች ሜትርም ቢሆን በታወቁ በፈሮች በየጊዜው ካልተስተካከለ አይታመንም፤ በዚህ ረገድ ከአመልካች ጠርሙስ አይለይም።